ቁልቁል የወረደ ጨው

ሥራዬ የከብት አፍ ማየት ነው። እናቴ ደሴ ላይ ለጎረቤት ስታወራ «ላብራቶሪ ነው የምትሠራው» ብላ ታልፋለች እንጂ አፉን አታነሣም። እኔ አላፍርበትም። የታመመ በሬ ምላሱን ይዤ ሳየው ከባለቤቱ የበለጠ ይነግረኛል። ባለቤት ይረሳል፣ ይፈራል፣ አንዳንዴም ይዋሻል። የበሬ ምላስ እስካሁን ዋሽቶኝ አያውቅም።

ጣይባ እባላለሁ። ኮምቦልቻ ባለ አንድ የእንስሳት በሽታ ላብራቶሪ ሐኪም ነኝ። ቁጡ ነሽ ይሉኛል። የኮምቦልቻ ሙቀት ነው ብዬ አሳብባለሁ፤ ደሴ ስወጣም ግን አይበርድልኝም።

ግንቦት አጋማሽ ላይ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ስልክ ተከታትሎ ተደወለ። አንዱ ከሐርቡ ወዲያ ካለች ጎዳ ሜዳ ከምትባል መንደር፣ ሌላው ከኩታበር። ሁለቱም የሚሉት አንድ ነው፦ ከብቱ ለሃጩን ያዝረበርባል፣ ያነክሳል፣ ሣር አይነካም። አፍተግር ነው። አፍተግር ትልቁን ከብት እምብዛም አይገድልም፤ አፉንና ሰኮናውን አቁስሎ በሬውን ከእርሻ፣ ላሟን ከወተት ያወጣል። ጥጃ ግን ይገድላል። ክፋቱ ደግሞ ፍጥነቱ ነው፤ ዛሬ በአንድ በረት ካለ በሳምንቱ በቀበሌው ሁሉ ነው።

ነገሩ ግራ አጋባኝ። ሐርቡ ከኮምቦልቻ በታች ቆላው ላይ ነው፤ ኩታበር ከደሴም አልፎ ደጋ ነው። በመሐላቸው የሐረጎ ጠመዝማዛ፣ መላዋ ደሴ ከተማ፣ ከዚያም ሌላ ዳገት አለ። በሽታው ከአንዱ ወደ ሌላው የሄደ ከሆነ በመሐል ያሉትን ሁሉ ዘሎ ነው የሄደው ማለት ነው። አለቃዬ የማቀዝቀዣውን ቁልፍ እያሳየኝ «ያለን ክትባት ለሁለት ቀበሌ ቢበቃ ነው። የመጣበትን መንገድ ሳታውቂ አንዲት ጠርሙስ አልሰጥሽም» አለኝ። ሰውየውን አልወደውም፤ ነገር ግን እውነቱን ነው።

በሹፌራችን በደምመላሽ ፒካፕ ወደ ጎዳ ሜዳ ወረድን። ደምመላሽ የደሴ ልጅ ነው፤ ሃያ ዓመት ሐኪም ሲያመላልስ ራሱ ግማሽ ሐኪም ሆኗል። ምክሩን ሳይጠየቅ ይሰጣል፤ የሚያናድደኝ ደግሞ ብዙ ጊዜ ልክ መሆኑ ነው።

ገና ቦቲዬን ሳላጠልቅ ሰዎች ከበቡኝ። «ያመጣችው ከይሪያ ናት» አሉኝ።

ከይሪያ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ሴት ልጆች የምታሳድግ የአርባ ዓመት ሴት ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት ከኮምቦልቻ ገበያ ቦራ የሚባል አንድ በሬ ገዝታ መጣች። የመንደሩ ሰው ሁሉ እያየ ወንዝ ዳር አረፋ ደፍቆ የተኛው የመጀመሪያው ከብት ደግሞ ይኸው ቦራ ነው። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ከብት ታሟል፤ ሦስት ጥጃ ሞቷል። ስለዚህ ጁምዓ ከሰላት በኋላ ቅሬው ተሰብስቦ ሊያስወጣት ነው።

ወሎ ላይ ቅሬ የሌላው አገር ዕድር ነው፤ ግን ከዕድር ይበልጣል። ሙት ይቀብራል፣ ጠብ ይዳኛል፣ ቤት ሲቃጠል ይሠራል። ከቅሬ ለወጣ ሰው እሳት አይጫርለትም። ለከይሪያ ደግሞ ሌላም አለ። ባለ አንድ በሬ ብቻውን አያርስም፤ ሌላ ባለ አንድ በሬ ፈልጎ ይቀናጃል፣ ተራ በተራ የሁለቱም መሬት ይታረሳል። ሰኔ ሊገባ ነው። ከቅሬ ከወጣች ቦራ ቢድንም ቀንበር የሚጋራው የለም፤ መሬቷ ጦሙን ያድራል።

ሴትዮዋን በረቷ ውስጥ አገኘኋት። የበሬውን አፍ በለብታ ውሃ እያጠበች ነበር። ቀና ብላ አየችኝና «አንቺም ልትፈርጂ ነው የመጣሽው ወይስ ልታክሚ?» አለችኝ።

«ላይ ነው የመጣሁት» አልኳት።

«እይ እንግዲህ። ሰው ሁሉ አይቶ ጨርሷል፤ የቀረሽ አንቺ ነሽ።»

ወደድኳት። የቦራን ምላስ ጎትቼ አየሁ። የአፍተግር ቁስል ቀን አለው። በመጀመሪያው ቀን ውሃ የቋጠረ ነጭ እብጠት ነው። በሁለተኛው በሦስተኛው ይፈነዳና ጥሬ ቀይ ሥጋ ይሆናል። ከዚያ ጠርዙ እየደበነ፣ እየሞላ ይሄዳል፤ ከአሥር ቀን በኋላ ጠባሳ ብቻ ይቀራል። የቦራ ቁስል ስድስት ቀን ይሆነዋል። የሌሎቹን አሥራ አንዱን ዞሬ አየሁ፤ ሁሉም የአንድና የሁለት ቀን ነው። ምላሶቹ መንደሩ ያለውን ነው የደገሙልኝ፤ ከይሪያ ዘንድ ጀምሮ ወደ ሌላው ሄደ። ልቤ አዘነ፤ ፎቶ አንስቼ ቀኑን ጻፍኩበት።

ከመሄዴ በፊት የቅሬውን ዳኛ ሼህ ሙህዬን ሰላም ልል ጎራ አልኩ። ጺማቸው የነጣ፣ በፍርዳቸው ሰባት መንደር የሚያምናቸው ሽማግሌ ናቸው። «የርስዎስ ከብቶች?» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ፣ እየበሉ ነው» አሉኝ።

የዳኛ በረት ማን ይፈትሻል? እኔም አልፈተሽኩም። ይህን የምጽፈው ራሴን ለመቅጣት ነው።

ረቡዕ ገበያውን ተከተልኩ። ደላላውን አፈላልጌ አገኘሁት፤ ቦራን የሸጠው የደሴ ዙሪያ ገበሬ መሆኑንና በዚያው ቀን ሌሎች ሁለት በሬዎችም ከዚያው በረት መሸጣቸውን ነገረኝ። ሁለቱንም በየሄዱበት ሄጄ አፋቸውን ከፈትኩ፤ ንጹሕ። ደሴ ዙሪያ ወጥቼ የሻጩን በረት አየሁ፤ ንጹሕ። ሰውየው «በሬዬ ምን አጠፋ?» እያለ እስከ መኪናው ተከተለኝ። ቆጠርኩ። ቦራ ከተገዛ እስከ ማክሰኞ ሃያ አንድ ቀን ነው፤ ቁስሉ ስድስት ቀን ነው። ከተገዛ በአሥራ አምስተኛው ቀን ታመመ ማለት ነው። አፍተግር ከገባ ከሁለት ሳምንት በላይ ተደብቆ አይቀመጥም። ከገበያ አላመጣውም።

ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን ሐረጎን እንኳ አልወረደም። ከገበያ ካልመጣ ከየት መጣ? ይህን ካልመለስኩ ቅሬው አይሰማኝም። «ከሌላ ካልመጣ ከሷ ነው» ነው የሚሉት።

ሐሙስ በማለዳ ኩታበር ወጣን። እዚያ ያገኘሁት ቁስል ሁሉ አርጅቷል፤ ወደ ሦስት ሳምንት ይሆነዋል፣ ጠባሳ ብቻ። መጀመሪያ በታመመበት በረት ጊቢ ቆሜ ባለቤቱን ጮኽኩበት። «እስካሁን ምን ትጠብቁ ነበር?» ስለው «ይለቃቸዋል ብለን ነው፤ ጥጃ ሲሞት ነው የደነገጥነው» አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከሐርቡ በኩል የመጣ ከብት አለ? የለም። ወደዚያስ የሄደ? አንድም። ቆዳ? የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ዋልኩ።

ልወጣ ስል የሰውየው ምራት፣ ሕፃን የታቀፈች አራስ፣ ከደጃፉ ብቅ አለች። ስሟ ኡሙሰልማ ነው። «ቆላ ከወረዱ ለአባቴ ሰላም በሉልኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። አባትሽ ማን ነው፣ ቆላስ የቱ ጋ ነው ብዬ አልጠየቅሁም። የከብት መንገድ ስፈልግ የሰው መንገድ ከፊቴ ቆሞ አላየሁትም።

ከሰዓት በኋላ ጎዳ ሜዳ ተመለስን። ለከይሪያ ቢያንስ ገበያው ነጻ መሆኑን ልነግራት ነበር። ሰምታኝ ስታበቃ «ታዲያ ከሰማይ ወረደ ልበላቸው?» አለች። በረቷ ውስጥ ተቀምጬ ዙሪያዬን ሳይ በበረቱ ምሰሶ ላይ በጨርቅ የታሰረ ነገር አየሁ። በከብት ምላስ ተልሶ የተሞለጨ፣ ጡጫ የሚያህል አሞሌ ጨው ነበር።

«ይኼስ?»

«ሼህ ሙህዬ ናቸው የሰጡኝ፣ አላህ ይስጣቸው። ገና ቦራ ሳይታመም። የየቲሞች እናት ነሽ ብለው፣ የኩታበሩን ጨው አካፈሉኝ።»

ደምመላሽ ከበሩ ላይ ሳቀ። «ከኩታበር ጨው? እኛ ደጋዎቹ ጨው የምንበላው ከአፋር በባቲ አድርጎ በናንተ በኩል ወጥቶ ነው። ጨው ዳገት ይወጣል እንጂ መቼ ይወርዳል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለች ከይሪያ። «ልጃቸው ኡሙሰልማ ወልዳ ሊጠይቁ ሄደው ሲመለሱ ይዘውት መጡ።»

ተነሣሁ። ተቀመጥኩ። እንደገና ተነሣሁ። ኡሙሰልማ። ለአባቴ ሰላም በሉልኝ።

ጨውን ማንም ከኩታበር ጎዳ ሜዳ ድረስ ለጨውነቱ ብሎ አያወርድም። ከልጅነቴ የማውቀው አንድ የገጠር ብልሃት አለ፤ አያቶቻችን አፍተግር ሲገባ የታመመውን ከብት ለሃጭ በጨርቅ ይይዙና በጤነኛው አፍ ያሹታል። ሁሉም ባንድ ጊዜ ታሞ ባንድ ጊዜ ይነሣ፣ እርሻ ሲደርስ ይገላገል ብለው ነው። ሼህ ሙህዬ የልጃቸውን አማች ከብቶች ለሃጭ በጨውና በጨርቅ ይዘው በሚኒባስ ተሳፍረው መጡ። ደሴን፣ ሐረጎን፣ ኮምቦልቻን ያለ አንድ ከብት አቋረጡ። በሽታው ዘሎ አይደለም የመጣው። ትኬት ቆርጦ ነው።

«ሄጄ ነው የምነግራቸው! በሕዝቡ ፊት!» አልኩ። ወደ መኪናው ሮጥኩ። በከይሪያ ላይ ለመፍረድ የሚቀመጡት ራሳቸው ናቸው።

ደምመላሽ መኪናውን አላስነሣም። «ዶክተር፣ ሽማግሌ በጉባኤ ከተዋረደ ይክዳል። ከካደ ደግሞ መንደሩ ከሱ ጋር ነው። በሬ ሲያስቸግርሽ ከፊት ነው የምትጎትቺው ወይስ ከጎኑ ነው የምትሄጂው?»

«ሽማግሌው በሬ ናቸው?»

«አንቺን ነው ያልኩት» አለኝ።

ኮምቦልቻ ተመልሰን ሦስት ፎቶ አተምኩ፤ የኩታበሩን ምላስ፣ ማክሰኞ ያነሣሁትን የቦራን፣ እንዲሁም ከጎረቤቶቹ ከብት የአንዱን።

ጁምዓ ጠዋት ሼህ ሙህዬ ቤት ደረስኩ። ሰሌናቸው ላይ ተቀመጥን። «ሼህ፣ እርስዎ የበሬ ዕድሜ በጥርሱ ያውቃሉ ይባላል» አልኳቸው።

«አላህ ባስተማረኝ መጠን» አሉ።

«እኔ ደግሞ የቁስል ዕድሜ በምላስ አውቃለሁ። ላሳይዎት?» እብጠቱን፣ የፈነዳውን፣ የደበነውን፣ ጠባሳውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሁለቴ መድገም አላስፈለገኝም። ፎቶዎቹን ቀላቅዬ ሰጠኋቸው። «የቱ ይቀድማል?»

ከብት ያሳደገ ሰው ዓይን ሌላ ነው። ምንም ሳያመነቱ ከሰሌኑ ላይ ደረደሩት፤ ጠባሳውን ከፊት፣ የቦራን ቀጥሎ፣ የጎረቤቱን መጨረሻ። «ይኸኛው ሽማግሌ ነው» አሉ ጠባሳውን እየጠቆሙ። «የት ነው?»

«ኩታበር። የልጅዎ አማች በረት ነው። ኡሙሰልማ ሰላም ብላዎታለች።»

ሼሁ ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አቅርበው መልሰው አኖሩት። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ አፌን ዘግቼ ጠበቅሁ። ተነሡና ወደ በረታቸው ገቡ፤ ተከተልኳቸው። ጉራቻ የሚባለውን ጥቁር በሬያቸውን ራሳቸው አፉን ከፈቱ፤ ምላሱን በገዛ እጃቸው ወደ ብርሃን ጎተቱ። ጠባሳ ነው፤ ነገር ግን ዳሩ ገና እንደቀላ ነው። እየተመለከቱ በጣታቸው ቆጠሩ።

ወደ ሰሌኑ ተመለስን። ሼህ ሙህዬ ጎንበስ ብለው የኩታበሩንና የቦራን ፎቶ አራራቁ፤ በመሐላቸው የአንድ ፎቶ ቦታ አበጁ።

«ይኼ ክፍቱ የጉራቻ ነው» አሉ። «ለሃጩን ያየሁት ከጁምዓ ስመለስ ነው። ዛሬ ሁለት ጁምዓ ሞላው። ካሸሁት በሁለተኛው ቀን መሆኑ ነው።» ቀና አሉና «ኒያዬ ለኸይር ነበር፣ ልጄ። በግንቦት ታመው በሰኔ እንዲነሡልኝ። ከበረት አላወጣኋቸውም። ጨውንም ለዚያች ምስኪን የሰጠሁት የሷም እንዲቀልላት ብዬ ነው። ቦራ ሲወድቅ የገበያው ብርቱ በሽታ ነው አልኩ፤ የኔ ጨው እንዲያውም ያቀለለለት መሰለኝ። ወላሂ፣ መድኃኒት የሰጠሁ ነበር የመሰለኝ» አሉ።

አመንኳቸው። ንዴቴን ፈለግሁት፤ አጣሁት። «የሻጩን በረት ሄጄ አይቻለሁ፤ ንጹሕ ነው። የርስዎ በሬዎች የላሱት ጨው ነው ቦራን የጣለው» አልኩ ቀስ ብዬ። «ቦራ ደግሞ ወንዝ ወርዶ ሌሎቹን።»

«ገብቶኛል» አሉ። ፎቶዎቹን ሰብስበው በጋቢያቸው ያዙና «አዛን ሊል ነው» ብለው ወጡ። ምን ሊሉ እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ቅሬው ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ወንዶቹ ክብ ሠርተው፣ ሴቶቹ ወደ ጎን። ከይሪያ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ልጆቿን እቤት ትታ ነው የመጣችው። ደምመላሽ ከመኪናው ወርዶ ከዳር ቆመ። አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ ክሱን ተናገረ፤ ከብት ከገበያ አምጥታ ከመንደር ቀላቀለች፣ ሦስት ጥጃ አስገደለች፣ ከቅሬ ትውጣ።

ሼህ ሙህዬ ተነሡ። «ምስክር ሳይሰማ ፍርድ የለም» አሉና ሦስቱን ፎቶ መሬት ላይ በተነጠፈው ሰሌን ላይ አኖሩ። የቁስሉን ዕድሜ ከኔ እንደ ሰሙት፣ እንዲያውም ከኔ አሳምረው አስረዱ። «እስኪ ደርድሩ።» ሽማግሌዎቹ ተጠጉ፤ ትንሽ ተከራከሩ፤ በመጨረሻ እሳቸው እንዳደረጉት ደረደሩ። ሼህ ሙህዬ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አራራቁ።

«እዚህ መሐል አንድ በሬ ጎድሏል። ከኩታበር ያነሰ፣ ከቦራ የበለጠ። የማን ነው?»

ሽማግሌዎቹ የየራሳቸውን በሬ በሐሳባቸው መቁጠር ጀመሩ።

«የኔ ነው» አሉ። «ጉራቻ ነው። በሽታውን ከኩታበር በጨርቅ ቋጥሬ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለከይሪያ በሬም በጨው የሰጠሁት እኔ ነኝ። እሷ ከገበያ ጤነኛ በሬ ነው የገዛችው፤ ዶክተሯ የሻጩ በረት ድረስ ሄዳ አይታለች። ዛሬ ልፈርድባት ነበር። አላህ አተረፈኝ።»

ሽማግሌው ዞሩና የክቡን መሐል አቋርጠው ከይሪያ ፊት ቆሙ። «አውፍ በይኝ፣ ልጄ።»

ከይሪያ ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች። ሴቶቹ አንድ በአንድ ተነሥተው አጠገቧ ሄደው ተቀመጡ፤ ብቻዋን የነበረችው ሴት በመሐላቸው ጠፋች። ቆይታ ፊቷን ገለጠች። «አውፍ ብያለሁ፣ ሼህ» አለች። «እኔ አውፍ ብል ግን ሰኔ አውፍ አይለኝም። መሬቴ ይታረስ።»

አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ ሼህ ሙህዬም ሳቁ፤ እኔ ደግሞ ሳላስበው እያለቀስኩ ነበር። ደምመላሽ ከዳር ሆኖ ሲያየኝ «አቧራ ነው» አልኩት። ግንቦት ነውና አቧራ አለ፤ ሌሊቱን ዝናብ ዘንቦ ባይሆን ኖሮ ያምነኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ላብራቶሪ ውስጥ አሁንም ሲያወሩት እሰማለሁ። እኔ ከብት አይንቀሳቀስ የሚል ደብዳቤ በየዓመቱ እጽፋለሁ፤ ደብዳቤዬ የቀበሌ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ከብቱ በሥሩ ያልፋል። ያን ቀን ግን ሼህ ሙህዬ እዚያው ቆመው ቅሬውን አስወሰኑ። ሦስት ሳምንት ከብት ከጊቢው አይውጣ፤ ውሃና ሣር እዚያው ይምጣለት። በሬ የታመመበትን ልጠይቅ ያለ ከአጥር ውጭ ይጠይቅ። ጨው አይዋዋሱ፣ ቀንበር አይዋዋሱ። የጣሰ ከቅሬ ይወጣል። የቅሬው ጠሪ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ለሦስት መንደር ለፈፈ፤ በማግስቱ በጎዳ ሜዳ ሜዳ ላይ አንድ ጭራ አልታየም። ሼሁ ለኩታበሩ አማቻቸው ደወሉ፤ እዚያም ያለው ቅሬ ያንኑ ወሰነ።

አለቃዬ ቁልፉን ሰጠኝ፤ ልክ ነበርክ አላልኩትም። ክትባቱን በጎዳ ሜዳ ዙሪያ ባሉ ጤነኛ መንደሮች ቀለበት አድርገን ሰጠን። ሌላ ጊዜ ከብት ለማሰባሰብ ብቻ ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር፤ አሁን ሁሉም በየደጁ ታስሮ ጠበቀኝ። በአራት ቀን ጨረስን። ቦቲዬን በመድኃኒት ባልዲ ስነክር ሽማግሌዎች «እኛንም ንከሪን» እያሉ እግራቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። በየቀኑ አፍ ስከፍት ዋልኩ። ከጁምዓው ወዲህ በመጀመሪያው ሳምንት ሰባት አዲስ ቁስል አየሁ፤ በሁለተኛው አንድ፤ በሦስተኛው ምንም። ከቀለበቱ ውጭ አንድ በሬ እንኳ አልታመመም። የሐርቡም የኮምቦልቻም ገበያ አልተዘጋ። አፍተግርን ስከታተል አሥር ዓመቴ ነው፤ ሁልጊዜ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ነበርን። ያን ጊዜ ቀደምኩት። ብቻዬን አይደለም፤ ግን ቀደምኩት።

ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ቅሬው እገዳውን አነሣ። በማግስቱ ጠዋት ለመጨረሻው ፍተሻ ጎዳ ሜዳ ስንደርስ ሌሊቱን የዘነበው መሬት ጠቁሯል፤ መንደሩ ከየበረቱ በሬ እየነዳ ወጥቷል። ደምመላሽ መኪናውን አቆመና በእጁ አመለከተኝ።

በከይሪያ መሬት ላይ ጉራቻና ቦራ በአንድ ቀንበር ተጠምደዋል። እርፉን የያዙት ሼህ ሙህዬ ራሳቸው ናቸው። ልጆቻቸው ሊቀበሏቸው ከዳር ቆመዋል፤ አይሰጡም። የራሳቸው መሬት ገና አልተነካም። ቅሬው ይቅር ብሏቸዋል፤ ምንም አልፈረደባቸውም። በራሳቸው ላይ የፈረዱት እሳቸው ናቸው፤ የከይሪያ መሬት ሳይታረስ የኔ አይታረስም ብለው።

የሁለቱንም በሬዎች አፍ ልይ ብዬ ጠጋ አልኩ። ንጹሕ፣ ሮዝ፣ ጤነኛ ምላስ። ሳየው የደስታ ሳቅ አመለጠኝ።

«እንዴት ነው ዶክተር?» አሉ ሼሁ እያለከለኩ። «የስንት ቀን ነው?»

«ዛሬ የተወለደ ነው የሚመስለው» አልኳቸው።

ከይሪያ ከቤቷ በኩል እጇን በሳሙና ታጥባ፣ እጇ ገና ውሃ እያንጠባጠበ መጣች። በመዳፏ ላይ አንድ ነጭ አሞሌ ጨው ይዛለች። ሼህ ሙህዬ ጨውን ሲያዩ እርፉን ይዘው ቆሙ፤ ፊታቸው ተለወጠ። መንደሩ የሚያርሰውን አቁሞ ወደኛ ይመለከታል።

ሴትዮዋ መጀመሪያ ጉራቻን አላሰችው፤ ቀጥላ ቦራን። ሁለቱም በየተራ እጇን ሳይቀር ላሱት። ከዚያ ቀና ብላ ሽማግሌውን አየቻቸው።

«አብሽሩ፣ ሼህ» አለቻቸው። «ይኼኛው ከባቲ ነው።»